የአድቬንት የጋራ ሐሳብ፦ ገና እየጠበቁ ላሉት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለአራቱ የአድቬንት (ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት) እሑዶች ያሰብነውን እስከ ሐሙስ ለሽማግሌዎች ማስገባት አለብን። እስካሁን የተነሡት በየእሑዱ ሻማ ማብራት፣ የምስክርነት ምሽትና ጥየቃ ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ርእስ ተስፋ ነው። ሐሳባችሁን ጨምሩበት።

ወጣቶች ክፍል፦ ሻማው ይኑር፤ ለልጆቹም ታሪኩ ይነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1839 በጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የተባለ የሃይማኖት መምህር የሚያሳድጋቸው ልጆች “ልደት መቼ ነው?” እያሉ ቢጠይቁት፣ በጋሪ ጎማ ላይ ለእሑዶቹ አራት ትልልቅ፣ ለሌሎቹ ቀናት ትንንሽ ሻማዎች ደርድሮ በየቀኑ ያበራላቸው ነበር ይባላል።

ጥየቃ ክፍል፦ እኔ የምስክርነቱ ምሽት ያሳስበኛል። መድረክ ላይ የምናወጣው ሁልጊዜ ጸሎቱ የተመለሰለትን ነው፤ የተፈወሰውን፣ ሥራ ያገኘውን፣ ልጅ የታቀፈችውን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ደስ ይለኛል። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት እናት መዝሙሩ ሳያልቅ ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ አይቼ ተከተልኳት። በሩ ላይ “ደስታችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ነው” አለችኝ። ልጇን ከቀበረች ገና ወራት ነበር።

አድቬንት እኮ የመጠበቂያ ወቅት ነው። ሉቃስ 2 ላይ ያለችው ሐና ከባሏ ጋር የኖረችው 7 ዓመት ብቻ ነው፤ ሕፃኑን ኢየሱስን ያየችው በመበለትነት አርጅታ ነው። ስለዚህ ገና መልስ ያላገኙትም ይናገሩ። “እየጠበቅሁ ነው፣ አልተውኩም” ማለትም ምስክርነት ነው።

ሰብሳቢ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ብቻ ቁስል መነካካት እንዳይሆን። ማንንም አንገፋፋ። መድረክ የከበደው ሰው ጽፎ ይስጠን፣ ስሙ ሳይጠራ ይነበብለት።

ጸሎት ክፍል፦ ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ “አይዞህ፣ ለበጎ ነው” የሚል አይነሣ። በችኮላ የተባለ ማጽናኛ አፍ ያስይዛል። ጥቂት ዝም እንበል፣ ከዚያ መዝሙር 13 ይነበብ። ዳዊት “እስከ መቼ” ብሎ ጀምሮ በመታመን ይጨርሳል፤ በመሐል ያለውን ጭንቀት ግን አልደበቀውም።

ወጣቶች ክፍል፦ እንግዲያው የተስፋውን ሻማ ገና ከሚጠብቁት አንዱ ቢያበራስ?

ጥየቃ ክፍል፦ ፈቃደኛ ከተገኘ በጣም ጥሩ። ጥየቃው ግን ከልደት በፊት ብቻ አይሁን። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንትም ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ፤ ሐዘን ያለበት ቤት ጭር የሚለው እንግዳው ሁሉ ሲበተን ነው።

ጸሐፊ፦ በረቂቁ እንዲህ አስፍሬዋለሁ፦ “በመጀመሪያው እሑድ ምሽት መልስ ያገኙም፣ ገና የሚጠብቁም በፈቃዳቸው ይመሰክራሉ፤ በጽሑፍ የሰጡ ሰዎች ስም አይገለጽም። ጥየቃው በአራቱ ሳምንታትና ከልደት በኋላ ባለው ሳምንት ይደረጋል።” ሁለት ሁለት ሆነው ለጥየቃ የሚሄዱትን ሰዎች ዝርዝር ጥየቃ ክፍል ያዘጋጅ። የሚስተካከል ካለ እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉልኝ።