ሞተር ላይ «ዓይን የሄደበት እጅ ይሄዳል» ይላሉ፣ ሰው ላይስ ይሰራል?

የኮዬ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ስራዬ ገላን፣ የታክሲ ጥበቃው ስላስመረረኝ ሞተር መለማመድ ጀምሬያለሁ። አሰልጣኙ ሜዳው መሀል አሮጌ የመኪና ጎማ ጣል ያደርግና «በጎኑ እለፉ» ይለናል። ሜዳው የኳስ ሜዳ ያክላል ጎማው አንድ ነው፣ ግን እመኑኝ ሁላችንም ተራ በተራ ቀጥ ብለን ጎማው ላይ! አንዷ ልጅማ «ማግኔት አለው እንዴ» ብላ ወርዳ አገላብጣ አየችው ሃሃሃ። ሰውየው «ጎማውን እያያችሁ እኮ ነው፣ ዓይን የሄደበት እጅ ይሄዳል» አለን። ከዛ ማዶ ቢጫ ጀሪካን አቁሞ እሱን እያያችሁ ንዱ ሲለን ሁሉም ሰው አለፈ።

ጥያቄዬ ግን ስለ ሞተር አይደለም። ማታ ማታ ኤክስቴንሽን አካውንቲንግ እማራለሁ፣ ምሳ ሰአት ላይ መስሪያ ቤት ያሉ የተወሰኑ ልጆች ዋና ስራቸው እኔን መንካት ሆኗል። «ዲግሪ ያለውም ባጃጅ እየነዳ ነው»፣ «ስትመረቅ ደሞዝህ ከኛ ያንሳል» ምናምን። እዛው ዝም እላለሁ፣ ማታ ግን ደብተሬን ከፍቼ አንድ ገፅ ላይ አንድ ሰአት እቀመጣለሁ፣ ቀን ያላልኩትን በሆዴ እያልኩ፣ መልስ እየሰጠሁ፣ እያሸነፍኩ። እና የጎማው ነገር ትዝ አለኝ። ሞተር የምትነዱ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ነገር ኑሮ ላይ ይሰራል ወይስ ዝም ብዬ ነው የምፈላሰፈው?

ሱሉልታ_ሞተረኛ፦
ይሰራል ወንድሜ፣ ግን ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። «ጉድጓዱን አትይ» ማለት ምክር አይደለም፣ ካላየኸውማ ትገባበታለህ! ስራው ከሩቅ ማየት ነው፣ ካየኸው በኋላ ትተኸው ዓይንህን መውጫው ላይ መትከል። በ40 ስትነዳ በሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ፣ በ60 ደግሞ ወደ 17፣ ስለዚህ አንድ ነገር ላይ ሁለት ሴኮንድ ካፈጠጥክ ደርሰህበታል ማለት ነው።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ያለውን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ጉሙ ይወርዳል፣ ኩርባው ላይ ቀይ ሽብር (ሲኖትራኩን ነው) ያንተን መስመር ቆርሶ ይመጣል። በዛች ሰአት የመኪናውን ግንባር ካየህ አለቀ፣ ትከሻህ ይደርቃል ክንድህ ይቆለፋል የፊት ፍሬኑን ጭምድድ ታደርገዋለህ ጎማው ይታሰርና መሬት ነህ። ሞተር ፍጥነት ላይ የሚታጠፈው በመግፋት ነው፣ ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኙን እጀታ ወደፊት ገፋ ታደርጋለህ፣ የደረቀ ክንድ ደግሞ አይገፋም። አገጭህን ወደ ክፍተቷ ካዞርክ ግን ትከሻ አገጭን ይከተላል እጅ ትከሻን ይከተላል፣ ሳታስበው ራሱ ይሄዳል።

ደግሞ የችሎታ ማነስ እንዳይመስልህ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንኳን ተዋጊ አብራሪዎች ኢላማቸው ላይ አፍጥጠው ቀና ማለቱን ረስተው እዛው ይከሰከሱ ነበር።

አንተ ማታ የጎደለህ ጀሪካኑ ነው። «ስለነሱ አላስብም» ስትል ጎማውን እያየህ ነው። «ከእራት በፊት ባላንስ ሺቱን ሰርቼ እዘጋለሁ» ብለህ ስትቀመጥ ያኔ የምታየው ነገር አገኘህ። (በነገራችን ላይ ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ፈቃዱን በደንብ አጣራ፣ 2011 ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ገደብ ከመጣ ወዲህ እንደ ድሮው ዝም ብሎ መንዳት የለም።)

ባንክ_ያለችው_ሳይኮሎጂስት፦
ስሜን አይታችሁ አትሳቁ፣ የተማርኩት ሌላ የምሰራው ሌላ ነው ሃሃ። ሞተረኛው ያልከው ነገር በደንብ የተጠና ነው። ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ እና ጓደኞቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን «ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፣ ካሰባችሁ ደወል ንኩ» ይሏቸዋል። ደወሉ አላርፍ አለ። ይባስ ብሎ በኋላ «አሁን አስቡ» ሲሏቸው ከመጀመሪያውም እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ልጆች በላይ ድቡ በድቡ ሆኑ። እኔ የምወደው ግን ሁለተኛውን ሙከራ ነው፣ «ድቡ ሲመጣባችሁ ቀይ ቮልስ አስቡ» የተባሉት ልጆች ላይ ያ በኋላ የሚመጣው ጎርፍ ቀነሰ። ቮልስ! አሜሪካ ቁጭ ብለው የኛን ሰፈር መኪና ነው የመረጡት።

ቁም ነገሩ መተኪያው አንድ መሆኑ ላይ ነው፣ እና የሚታይ የሚጨበጥ መሆን አለበት። «ፖዘቲቭ ልሁን» የሚባለው ነገር ቮልስ አይሆንም፣ ምኑን ታየዋለህ?

ጋሽ_ሰበታ፦
ልጆች ምክራችሁ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አሁን አሁን ሁሉም ሰው «ኔጋቲቭ ሰው ራቅ» ሆኗል ወሬው፣ «ውሻው ይጮሃል ግመሉ ይሄዳል» ይሉና የነገራቸውን ሁሉ ውሻ ያደርጉታል። እኔ ሞተር የነዳሁት እናንተ ሳትወለዱ ነው፣ ስፖኪዮ ላይ አፍጥጦ የሚነዳ አላየሁም፣ ኮብል ስቶን ላይ ይርገበገባል ብሎ ነቅሎ ጥሎት የሚነዳ ግን ስንቱን አየሁ። ልጄ፣ «ደሞዝህ ከኛ ያንሳል» ያሉህ ነገር ንክሻ ቢሆንም ውስጡ መረጃ ካለበትስ? አካውንታንት ሲጀምር ስንት እንደሚከፈለው ጠይቀህ ታውቃለህ? አንዴ ጠይቅ፣ እወቀው፣ ከዛ ተው።

ሌላው ደግሞ ዞረህ የማታልፈው ነገር አለ። አለቃህ የኦቨርታይምህን ገንዘብ ቢያስቀርብህ ጀሪካን ጀሪካን እያልክ ልታልፈው ነው?

ሱሉልታ_ሞተረኛ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ እሱን ሳልል አለፍኩት። መንገዱ ላይ ነገር ሲመጣ ያለን ምርጫ ሁለት ነው፣ ወይ ቀጥ ብለን ፍሬን ይዘን መቆም ወይ ፍሬኑን ለቀን ዞረን ማለፍ። ጎማ ያለው ጉልበት ውሱን ነው፣ ፍሬን ሲበላው ለመታጠፊያ የሚተርፍ የለም፣ ሁለቱንም አጥብቀህ ባንዴ ከጠየቅከው ይንሸራተታል፣ በተለይ ጭቃ ያረፈበት አስፋልት ላይ። ሰው ላይ እኔ የማየው ችግር እሱ ነው፣ አይናገርም አይተውምም። የኦቨርታይሙን ብር ቆመህ ወረቀት ይዘህ ትጠይቃለህ። የምሳ ሰአት ተረብ ታልፋለህ። ምሳ ላይ ፈገግ እያልክ ማታ ስትከራከር ማደር ግን ፍሬን ይዞ መታጠፍ ነው።

የኮዬ_ልጅ፦
ኧረ በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሽ ሰበታ ዛሬ ከእርስዎ መልስ በኋላ ፋይናንስ ክፍል ያለችውን እህታችንን ጠየቅኳት፣ ጀማሪ ላይ ልጆቹ ያሉት እውነት ነው፣ ከኛ ያንሳል ሃሃሃ። ሁለት ሶስት አመት ላይ ግን ይለወጣል አለችኝ፣ አሁን ቁጥሩን ስለማውቀው ሲሉኝ ብዙም አይበላኝም። ከልጆቹ አንዱ ግን ጓደኛዬ ነው፣ የሱ ብቻ ነው ሆዴ የገባው፣ ለሱ እንደ ኦቨርታይሙ ቆሜ ለብቻው ባናግረው ይሻላል መሰለኝ። ሌላ ደግሞ፣ ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ አግኝቼ ነበር ልግዛ?

ሱሉልታ_ሞተረኛ፦
ጓደኛህን አናግረው፣ ምሳ ላይ ሰው ፊት እንዳይሆን ብቻ። ሄልሜቱን አትግዛ፣ አንዴ ከተመታ ውስጡ ያለው ፎም ይጨመቃል ከውጪ ደግሞ አይታይም። አዲስ ግዛ፣ አገጭ የሚሸፍነውን።