ብረቱ ይነሳል፣ ትንፋሹ ግን የለም

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ 2 ዓመት ሆነኝ። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) 100 ኪሎ፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) 130 ኪሎ እሠራለሁ። ራሴን ለመከላከል ይበቃኛል ብዬ ነበር። ከ3 ወር በፊት ጁዶ (ልብስ ይዞ የመጣል የጃፓን ትግል) ስጀምር ግን ጉዴ ፈላ። በ15 ኪሎ የምበልጠው ልጅ እንደ ጆንያ ያንከባልለኛል። ገና 2 ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ክንዴ ይዝላል፤ ልብሱን ጨምድጄ የያዝኩበት ጣቴ ራሱ ይከፈታል።

አሰልጣኙ «ትንፋሽህን አፍነህ ነው የምትታገለው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ከባድ ብረት ሳነሳ ትንፋሽ መያዝ ለምዶብኝ ይመስለኛል። ግን እንዴት ልተወው?

አሁን በሳምንት 4 ቀን ብረት፣ 2 ቀን ጁዶ ነው። ብረቱን ወደ 2 ቀን ባወርደው አቅሜ ይቀንሳል? ለትንፋሽስ ረጅምና ዝግ ያለ ሩጫ ይሻላል ወይስ አጫጭር ፈጣን? ለጣት ጥንካሬ ደግሞ የመንጠልጠያ ብረት ላይ ፎጣ ጠምጥሞ መንጠልጠል ይባላል፤ ሞክሮ የተሳካለት አለ?

«ዝም ብለህ ሮጠህ አምልጥ» የምትሉኝ፣ እሱም እኮ ትንፋሽ ይፈልጋል!