አንዱ ቡጢ ሲችል ሌላው ለምን ይወድቃል?

የመርካቶ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 23 ዓመቴ ነው፣ ክብደቴ 71 ኪሎ። ቦክስ ከጀመርኩ ቆየሁ። ትንፋሽ አለኝ፣ እጅህ ፈጣን ነው ይሉኛል። ችግሬ ቡጢ አለመቻሌ ነው። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ ቀላል የምትባል ሁክ (ከጎን የምትመጣ ቡጢ) ካገኘችኝ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ግን ኪሏችን እኩል ሆኖ ሳለ፣ ሙሉ ኃይሌን ያሳረፍኩበትን ቡጢ ተቀብሎ ይስቅብኛል። ነገሩ የአጥንት ነው? የመንጋጋ ነው? ተፈጥሮ ነው ወይስ በልምምድ ይመጣል? ጂም ውስጥ አንዳንዶቹ "ደጋግመህ ተመታ፣ ትለምደዋለህ" ይሉኛል። እውነት ነው?

ብረት አንገት

እውነታቸውን ነው። እኛም እንደዛ ነው የለመድነው። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ይዞርበታል፣ ቀስ እያለ ጭንቅላትህ ይደነድናል። ካልሆነ ደግሞ ጠረጴዛ ቴኒስ አለልህ (ቀልዴን ነው)።

አሮጌ ጓንት

ብረት አንገት፣ ልጁን አታሳስተው። ጭንቅላት አይደነድንም። የሚለመደው ድንጋጤው ነው። ጀማሪ ቡጢ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ትንፋሹን ይይዛል። በቀላል ስፓሪንግ ይሄ ይጠፋል፤ ዓይኑ ክፍት ይሆናል። ለዚህ ደግሞ በኃይል መመታት አያስፈልግም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወንድሜ። ብዙ ልጆች አሰልጥኛለሁ። የሚጥል ቡጢ አብዛኛውን ጊዜ ያልታየ ቡጢ ነው። ካየኸው ሳታስበው አንገትህ ይጠነክራል፣ አገጭህ ይወርዳል፣ ትንሽም ቢሆን ከቡጢው ጋር ትሄዳለህ። ካላየኸው ግን አንገትህ ልል እያለ ይደርስብሃል። ስለዚህ ሁለት ነገር ንገረኝ። ያ ጭው የሚያደርግህ ሁክ ሲመጣ ታየዋለህ ወይስ ካረፈብህ በኋላ ነው የምታውቀው? ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚወረወር ቀጥተኛ ቡጢ) ወርውረህ እጅህን ስትመልስስ ወደ ጉንጭህ ነው ወይስ ወደ ደረትህ? ጓደኛህ ቀርጾህ ከሆነ ቪዲዮውን እይና ተመለስ። በፎቶ እንኳ ይታያል፤ እጁ የወረደ ልጅ አገጩም አብሮ ቀና ብሏል።

አፍህንም ዝጋ። ማውዝጋርዱን (የጥርስ መከላከያውን) ነክሰህ ተጋጠም። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ልጅ መንጋጋው በቀላሉ ይሰበራል።

ፊዚዮ ነኝ

አሮጌ ጓንት ባሉት እስማማለሁ። እኔ ከውስጥ ያለውን ልጨምር። አንጎል ቅል ውስጥ በፈሳሽ መሃል ነው ያለው። ጭንቅላት በድንገት ሲሽከረከር ቅሉ ይዞራል፣ አንጎሉ ግን ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ እንቁላልን ሳትሰብረው በኃይል ስታሽከረክረው አስኳሉ እንደሚቀረው ማለት ነው። በዚህ መጎተት የነርቭ ሴሎች ሥራቸው ለቅጽበት ይዛባል። አገጭ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ከአንገት ራቅ ብሎ ጫፍ ላይ ስላለ፣ ከጎን የሚመጣ ሁክ ወይም ከታች የሚመጣ አፐርከት ጭንቅላትን በቀላሉ ያዞረዋል። ግንባር ላይ ያረፈ ቀጥተኛ ቡጢ ሊያም ይችላል፣ ግን ያን ያህል አያዞርም።

እና "የአጥንት ነው?" ላልከው፣ ወፍራም መንጋጋ መሰበርን ይከላከል ይሆናል እንጂ አንጎልን አያስርልህም። የሚያስረው አንገት ነው። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስፖርተኞች ላይ የተሠራ ጥናት፣ አንገታቸው ጠንካራ የሆኑት የአንጎል መናወጥ የሚገጥማቸው ባነሰ ሁኔታ መሆኑን አሳይቷል። እነሱ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ነው የሚጫወቱት፣ ቡጢ አይቀበሉም። ስለዚህ አንገት ማጠንከር ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይሆንም። የቀረው ተፈጥሮ ነው፤ የአንዱ አንጎል ከሌላው ቶሎ ይናወጣል፣ ያንን በልምምድ አትቀይረውም።

የሌሊት ተመልካች

ቦክስ በሌሊት ተነስቼ የማይ ሰው ስለሆንኩ ታሪኩን ለኔ ተዉት። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።)

ቡጢ በመቻል ጆርጅ ቹቫሎን የሚያህል የለም። ካናዳዊ ነው፣ ከባድ ሚዛን። 93 ጊዜ በፕሮፌሽናል ተጋጥሞ አንድም ቀን መሬት ላይ አልወደቀም። መሐመድ አሊን ሁለት ጊዜ ገጥሞ፣ 1966 ላይ 15 ዙር፣ 1972 ላይ 12 ዙር እስከ መጨረሻው ቆሟል። ጆ ፍሬዘርና ጆርጅ ፎርማን አሸንፈውታል፣ ያውም ዳኛ አስቁሞላቸው፤ መጣል ግን አልቻሉም። ይሄ ሰው ተፈጥሮ የሚባለው ነው።

አሊ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ኪንሻሳ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1974። ፎርማን ከሱ በሰባት ዓመት የሚያንስ፣ ሰው የሚያስፈራ መቺ ነበር። አሊ ገመዱ ላይ ተደገፈ፣ ፊቱን በጓንትና በክንዱ ሸፈነ፣ ፎርማን ይወርድበት ጀመር። ብዙው ቡጢ ክንዱና ጎኑ ላይ ነው ያረፈው። የቀረውን ደግሞ ወደኋላ እያዘነበለ አበረደው፣ ገመዱም አገዘው። ፎርማን ደከመ፣ በስምንተኛው ዙር ተዘረረ። ሰው አሊ ቡጢ ቻለ ይላል። እኔ እንደማየው አሊ የትኛው ቡጢ የት እንደሚያርፍ መረጠ።

መቻል እንደሚያልቅም አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ሮይ ጆንስን እዩ። ለዓመታት የሚነካው አልነበረም። 2003 መጋቢት ላይ ወደ ከባድ ሚዛን ወጥቶ ጆን ሩይዝን አሸነፈ። ከዚያ ያንን ሁሉ ኪሎ አውርዶ ከከባድ ሚዛን ዝቅ ወደሚለው ወደ «ቀላል ከባድ ሚዛን» ተመለሰ። 2004 ግንቦት ላይ አንቶኒዮ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው፣ መስከረም ላይ ግሌን ጆንሰን በዘጠነኛው ደገመው። ያኔ 35 ዓመቱ ነበር። አገጩ በአንድ ዓመት ተቀየረ? ለኔ አይመስለኝም። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ድሮ የሚያመልጠውን ቡጢ መቀበል ጀመረ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ኪሎ ማውረዱን ስላነሳህ ልጨምር። እዚህ የማሠለጥንበት ጂም ልጆች ላስቲክ ለብሰው ላብ ያወጣሉ፣ ራሳቸውን ውሃ ይከለክላሉ፣ በማግስቱ ስፓሪንግ ይገባሉ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ እግር ይዝላል፣ ዓይንና እጅ ይዘገያሉ። ከዛ "ዛሬ ምን ነካኝ፣ ነፋስ ይጥለኛል" ይላሉ። የመርካቶ ልጅ፣ አንተስ 71 ኪሎ ተፈጥሮህ ነው ወይስ እየታገልክ ነው የምትይዘው? እንቅልፍህስ?

ደግሞ ሁሉም ጭንቅላት አይደለም። 2004 ላይ በርናርድ ሆፕኪንስ ኦስካር ዴ ላ ሆያን የዘረረው ጉበት ላይ ባረፈ ግራ እጅ ነው። ዴ ላ ሆያ ራሱን አልሳተም፣ ግን መነሳት አልቻለም። ጉበት ላይ ለገባ ቡጢ ወኔ መድኃኒት አይሆንም፤ ክርንህን ጎንህ ላይ አጣብቅ።

የመርካቶ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ አሮጌ ጓንት፣ ቪዲዮውን አየሁት። እንዳሉት ነው፤ ጃብ ስወረውር ቀኝ እጄ ደረቴ ላይ ነው፣ አገጬም ወደ ላይ። ሁኩንም አላየውም፣ ካረፈ በኋላ ነው የማውቀው። ኪሎዬ እንኳ ተፈጥሮዬ ነው፣ አልታገልም። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ከተመታሁ በኋላ ራሴን እያመመኝ ነው። ብርሃንም ይረብሸኛል። ሄልሜት አድርጌ ነበር። ነገ ስፓሪንግ አለን፣ ቀስ ብዬ ብገባስ?

ፊዚዮ ነኝ

አትገባም። ቀስ ብሎ የሚባል ነገር የለም። የምትነግረን የአንጎል መናወጥ ምልክት ነው። ሳያገግም ሌላ ምት ቢጨመርበት አንጎል ሊያብጥ ይችላል፤ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም ሰው ይገድላል። ነገ ጂም ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው የምትሄደው። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግመህ ካስመለሰህ፣ ንግግርህ ከተኮላተፈ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎህ ሰው ሲቀሰቅስህ የማትነቃ ከሆነ ደግሞ ነገን አትጠብቅ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ይሄን መልእክት አብሮህ ለሚኖር ሰው አሳየው።

ሄልሜት ቆዳ እንዳይቀደድ ይረዳል። ጭንቅላት መሽከርከሩን ግን አያቆምም፣ ጭራሽ ጭንቅላትህን ትልቅ ዒላማ ያደርገዋል። የዓለም አማተር ቦክስ ማኅበር 2013 ላይ ለወንዶች አስቀርቶት፣ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ያለ እሱ ነው የተጋጠሙት።

ብረት አንገት

ይሄማ ከመጀመሪያው ቢነገር ኖሮ እኔም እንደዛ አልልም ነበር። ልጁ ይረፍ።

አሮጌ ጓንት

በአማተር ውድድር ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን ይታገዳል። አንተ አልተዘረርክም፣ ግን አሰልጣኝህ ዛሬውኑ ይወቅ። "ፈራ" የሚልህ ካለ እኔ ጋ ላከው።

ጓደኛህ ስለሚስቀው ነገር ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ቻለ የምንለው አልተነካም ማለት አይደለም። ሲያመው አያሳይም፣ ተጠግቶ ይይዝሃል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። እንግሊዛዊውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፊዩሪን 2018 ላይ በ12ኛው ዙር አሜሪካዊው ዴዎንቴይ ዋይልደር ሲጥለው ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ነበር። ተነሳ፣ ያዘ፣ ዙሩን ጨረሰ፣ ውጤቱም አቻ ሆነ። ይሄ የሚሠለጠን ነገር ነው።

የመርካቶ ልጅ (ጠያቂ)

እሺ ጋሼ፣ ነገ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ለአሰልጣኜም ደውያለሁ፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ ተስማማ። ሐኪም ከፈቀደልኝ በኋላ አንገቴን በምን ልጀምር? ጂም ውስጥ በጭንቅላታቸውና በእግራቸው ተደግፈው ሰውነታቸውን ከመሬት እያነሱ ድልድይ ሲሠሩ አያለሁ።

ፊዚዮ ነኝ

ድልድዩን አሁን አትንካው፣ የአንገት አጥንት ላይ ጫና ይፈጥራል። መዳፍህን ግንባርህ ላይ አድርግ፣ ጭንቅላትህ ሳይንቀሳቀስ አሥር ሴኮንድ ግፋ። ከዚያ በኋላ ከማጅራትህ፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ለውጡ በወራት ነው የሚታየው። ራስህን ካመመህ ወይም እጅህ ከደነዘዘ አቁም።

አሮጌ ጓንት

ሐኪሙ እሺ ሲልህ ደግሞ ከስፓሪንግ በፊት መስታወት ፊት። የተጠቀለለ ካልሲ በአገጭህና በደረትህ መሃል ያዝና ጥላ ቦክስ (ያለ ተጋጣሚ አየር ላይ ቡጢ መወርወር) ሥራ። ካልሲው ከወደቀ አገጭህ ተነስቷል ማለት ነው። ሦስት ዙር ሳይወድቅ ስትጨርስ ጻፍልኝ፣ ስለ ቀኝ እጅህ ያኔ እናወራለን።