አስቸኳይ! ሴሉ ዳር ላሉ ስልኮች ፍጥነት አልወጣ አለኝ

ንጋት፦ ሰዎች ድረሱልኝ፣ ነገ ጠዋት አቀርበዋለሁ። አንድ ሴል (አንድ አንቴና የሚሸፍነው አካባቢ)፣ የባንድ ስፋቱ 20 ሜጋኸርትዝ፣ በሻነን ቀመር የየስልኩን ፍጥነት አሰላለሁ፦ ፍጥነት = የባንድ ስፋት × ሎግ2(1 + የሲግናልና የኖይዝ ሬሾ)። አንቴናው አጠገብ ያሉት በትክክል ይሠራሉ። ዳር ያሉት ላይ ግን በቁጥር ፋንታ «ናን» («ቁጥር አይደለም» ማለት) ይወጣል። ኮዱን ሦስቴ አየሁት፣ ስህተት የለውም።

ማዕበል፦ መጀመሪያ ቀመሩን በደንብ እንወቀው። ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ጣሪያውን ነው እንጂ ስልኩ የሚያገኘውን ፍጥነት አይደለም። ደግሞ በኤልቲኢ (በ4ጂ ኔትወርክ) 20 ሜጋኸርትዝ ስትል ሲግናሉ የሚይዘው 18ቱን ነው፤ 100 ሪሶርስ ብሎክ (ባንዱ የሚከፋፈልበት ቁራሽ)፣ እያንዳንዱ 180 ኪሎኸርትዝ። ይሄ ሳይገባ ሞዴል መሥራት ልፋት ነው።

ቶሎ፦ ፓይተኑን አፕዴት አድርገው። እኔ ጋ በዚያ ተስተካክሏል።

ጨረቃ፦ ዳር የቆሙት ወደ አንቴናው ጠጋ ይበሉ 😀

ሎጋ፦ ንጋት፣ የሲግናልና የኖይዝ ሬሾውን (ሲግናሉ ከኖይዙ ስንት እጥፍ እንደሆነ) በዴሲቤል፣ ማለትም በሎጋሪዝም መለኪያ፣ ነው እንዴ ያስገባኸው? ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ዳር ላይ −5 ዴሲቤል ቢሆን 1 ስትደምርበት −4 ይሆናል። የኔጋቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም የለም። መጀመሪያ ለ10 አካፍል፣ ከዚያ 10ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርግ። −5 ዴሲቤል 0.316 ይሆናል፤ ፍጥነቱም ወደ 7.9 ሜጋቢት በሰከንድ ይመጣል።
«በትክክል ይሠራሉ» ያልካቸውም ተሳስተዋል። 20 ዴሲቤል ማለት 100 እጥፍ ነው፣ ውጤቱ 133 ሜጋቢት መሆን አለበት። አንተ 20ን እንዳለ ስለከተትክ 88 ነው የሚሰጥህ። ማረጋገጥ ከፈለግህ በ0 እና በ−1 ዴሲቤል መካከል ያሉትን ስልኮች እያቸው፤ ፍጥነታቸው ከዜሮ በታች ሆኖ ታገኘዋለህ።

ቶሎ፦ አፕዴት አድርገው ብያለሁ እኮ።

ንጋት፦ ሎጋ እግዜር ይስጥህ! አዎ በዴሲቤል ነበር። አሁኑኑ እቀይራለሁ።

ድልድይ፦ ቆይ፣ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ለምንድን ነው ለእያንዳንዱ ስልክ 20ውን ሜጋኸርትዝ በሙሉ የምትሰጠው? ባንዱን ይካፈሉታል። 10 ስልኮች እኩል ጊዜ ቢካፈሉ ያ 133 ለአንዱ 13 ገደማ ነው። የሴሉን አማካይ ስታወጣም ፍጥነቶቹን አስልተህ አማክል እንጂ ሬሾዎቹን አማክለህ ወደ ቀመሩ አትግባ። ሎጋሪዝም ወደ ላይ እየሄደ ስለሚለዝብ ከእውነቱ በላይ ይሰጥሃል። ዳር ያለው ሰው ችግር የሚደበቀው እዚህ ጋ ነው።

ሎጋ፦ ድልድይ ልክ ነው። ንጋት፣ የዳሮቹ ስንት ወጡ?

ቶሎ፦ አፕዴቱስ?