ሚሲዮኖቹ «ራሳቸውን የቻሉ» ነበሩ ወይ?

ሰናፍጭ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ውስጥ የካሊፎርኒያ 21 የስፔን ሚሲዮኖች፣ መነኮሳት የአገሬውን ተወላጆች አጥምቀው የሚያሰፍሩባቸው የነበሩ ጣቢያዎች፣ «ራሳቸውን የቻሉ ገዳማት» ተብለው ተለጠፉ። የላይኩ ብዛት! ሞራ የሚቀልጥበት የብረት ድስት ሳይቀር ከሜክሲኮው ወደብ ከሳን ብላስ በመርከብ ይመጣ አልነበር?

የቆሎ ተማሪ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሰርዘውም። ብረት ስለገዙ ነው? የእኛ ገዳማትስ አሞሌ ጨው ራሳቸው ያወጡ ነበር? በፈረንጅ 1810 ሜክሲኮ ላይ አመፁ ሲነሳ መርከቡ ቀረ። ያኔ ደሞዝ የተቋረጠበትን ወታደር ሳይቀር ያበሉት እነሱ ናቸው። ቆዳውን ኖራ ውስጥ ነክረው ፀጉሩን ያረግፋሉ፣ ከዚያ በኦክ ቅርፊት ውሃ ለወራት ዘፍዝፈው ያለፋሉ። ይሄ ራስን መቻል ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሰናፍጭ፦ «ያበሉት እነሱ»! አራሹ ማን ሆነና? ከተጠመቀ በኋላ ያለ ፈቃድ መውጣት የማይችል፣ ከጠፋም በወታደር ተይዞ የሚመለስ የአሜሪካ ተወላጅ። ልጃገረዶቹ ማታ ማታ ይቆለፍባቸዋል። ገዳም አልክ?

የቆሎ ተማሪ፦ መነኩሴም ያለ አበምኔት ፈቃድ አይወጣም።

ሰናፍጭ፦ በወታደር ግን አይመለስም።

ጭቃ ሹም፦ የሚሲዮኖቹ ጡብ ራሱ ራሱን አልቻለም እኮ። ጭቃና ጭድ ነው፤ ኖራው ከተላጠና ክዳኑ ከተነሳ በዝናብ ይሟሟል። ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ሚሲዮን ላይ በ1776 ተወላጆች የሣሩን ጣሪያ በእሳት ቀስት ሲያነዱባቸው ነው ወደ ሸክላ ክዳን የዞሩት። ከ1834 በኋላ ሚሲዮኖቹ ሲበተኑ ሰው ሸክላውን እያወረደ ወሰደው፤ ግድግዳው ተመልሶ አፈር ሆነ።

ባለ መጅ፦ ስለ ወፍጮስ? የፈረንሳዩ መርከበኛ ላ ፔሩዝ በ1786 ካርሜል ሚሲዮን ሲደርስ ሴቶቹ በድንጋይ ሲፈጩ አይቶ የእጅ ወፍጮ ትቶላቸው ሄደ፤ አራት ሴት የመቶውን ሥራ ትሠራበታለች ተብሎ። ሚሲዮኑን ከካሪቢያኗ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከሳን ዶሚንጎ የባሪያ እርሻ ጋር ያመሳሰለውም እሱ ነው። የሳን ጋብርኤል ሚሲዮን የውሃ ወፍጮ ደግሞ መዘውሩ ከወለሉ ሥር ስለነበር እርጥበቱ ዱቄቱን ያበላሸው ነበር። ምግባቸው ጠዋትም ማታም ያው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ የሚፈላ ገብስ፣ በሶ።

ጭቃ ሹም፦ በሶ አይፈላም። እሱ አጥሚት ነው።

ባለ መጅ፦ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቷል። በሶ ነው!

ጭቃ ሹም፦ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ *ተቀቅሎ*። አጥሚት።

የቆሎ ተማሪ፦ በሶ ላይ ደረስን እንግዲህ። 1810ን ግን የመለሰልኝ የለም።

ሰናፍጭ፦ እኔ መልሻለሁ። «ያበሉት እነሱ» ያልከውን አራሹን ጨምረህ አስተካክልና እንቀጥላለን።