የካንቴሊ ቤትሆቨን 7ኛ ለምን ከበደብን? የሸክላ ፍጥነት፣ ግልበጣና ምርጫ

ማራኪ33
ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምንገናኝ የክላሲካል ሙዚቃ አድማጮች ለጣሊያናዊው የኦርኬስትራ መሪ ለጊዶ ካንቴሊ አንድ የማዳመጫ ምሽት ልናዘጋጅ ነው። ቀኑ የሞተበት ኅዳር 15 እንዲሆን ታስቧል። ያሉን ሸክላዎች ሦስት ናቸው፦ ቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒና ብራምስ 1ኛ ሲምፎኒ ከለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ጋር (ሁለቱም የኤች.ኤም.ቪ. እትም፣ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል ድምፅ)፣ የሴዛር ፍራንክ ሲምፎኒ ደግሞ ከአሜሪካው የኤን.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር (የአር.ሲ.ኤ. እትም፣ እሱም ሞኖ)። ማጫወቻው ከአሜሪካ የመጣ የ1970ዎቹ ባለ ቀበቶ (ሞተሩ ሳህኑን በጎማ ቀበቶ የሚያዞር) ነው። 120 ቮልት ስለሚል በትራንስፎርመር ነው የሚሰካው።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ካንቴሊ የታዋቂው መሪ የቶስካኒኒ ደቀ መዝሙር፣ ጥርት ያለና ፈጣን ነው ይባላል። እኛ የምንሰማው ግን ጠቆር ያለ፣ እግሩን የሚጎትት ኦርኬስትራ ነው፤ ሦስቱም ሸክላ ላይ። መርፌው ነው? የሸክላው እርጅና ነው? ወይስ ሰውየው ሲመራ እንዲህ ነው? ሁለተኛ፣ ክረምት ሳይገባ ወደ ኮምፒውተር ልንገለብጣቸው እንፈልጋለንና ከየት እንጀምር? ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ምሽት ምን ትመርጡልናላችሁ?

ቶርኖ
ሰውየውም መርፌውም ንጹሕ ናቸው። ማጫወቻችሁ ቀስ ብሎ እየዞረ ነው።

ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይለውጥም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የአሜሪካው 60 ኸርዝ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ባለ ቀበቶ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተራቸው ሲንክሮነስ ስለሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው ኸርዙ ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የነበረበት ሳህን 27.8 ጊዜ ብቻ ይዞራል። 20 ደቂቃ የሚፈጀው ገጽ 24 ደቂቃ ይወስዳል፣ ድምፁም ሦስት ሴሚቶን (አንዱ ሴሚቶን በኪቦርድ ላይ የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት ነው) ከትንሽ ትርፍ ጋር ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት ማንም መሪ እግሩን ይጎትታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቤትሆቨን 7ኛ የሚከፈተው በኤ ማጆር ኮርድ ነው። ኪቦርድ አጠገባችሁ አድርጉና የመጀመሪያውን ኮርድ አመሳስሉ። ኤ ላይ ከገጠመ እኔ ተሳስቻለሁ። ኤፍ ሻርፕ ላይ፣ እንዲያውም ከእሱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጉዳዩ አልቋል።

በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉትን የፍጥነት መለኪያ ነጥቦች ግን አትመኑ። ለ60 ኸርዝ የተሠሩት ነጥቦች 216 ናቸው፣ ለ50 ኸርዝ 180። የናንተው ሳህን በ27.8 ሲዞርና በኛው የ50 ኸርዝ መብራት ሲታይ 216ቱ ነጥቦች ቀጥ ብለው የቆሙ ይመስላሉ፤ ሞተሩም መብራቱም በእኩል መጠን ስለዘገዩ። ስንቱ ሰው «ነጥቦቹ ቆመዋል፣ ፍጥነቱ ልክ ነው» ብሎ ዓመታት በተሳሳተ ድምፅ ያዳምጣል! ባለ 180 ነጥብ ክብ ወረቀት አትማችሁ ሸክላው ላይ አስቀምጡና እሱን እዩ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው።

በመጀመሪያ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን፣ ቀበቶውን የሚያዞረውን ትንሽ ፑሊ መቀየር። ፋብሪካው የ50 ኸርዝ ፑሊ የሠራለት ሞዴል ከሆነ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት በናስ ይሠራላችኋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ዲያሜትሩን በ1.2 ማባዛት ብቻ አይበቃም፣ የቀበቶው ውፍረት ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ፑሊው 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀበቶው 1 ሚሊ ቢሆን፣ 10 ሲደመር 1፣ ሲባዛ በ1.2፣ ሲቀነስ 1፤ የሚመጣው 12.2 ነው እንጂ 12 አይደለም። 12.3 አስቆርጡና እየለካችሁ አስልጡት፤ የተረፈው ይቀነሳል፣ የጎደለው አይጨመርም። የ0.1 ሚሊ ስህተት ድምፁን በ13 ሳንቲም ገደማ ያዛንፋል (100 ሳንቲም አንድ ሴሚቶን ነው)፤ ጆሮ ያለው ሰው ከኪቦርድ ጋር ሲያስተያይ ይሰማዋል። ፑሊው ከዘንጉ መሃል ካልተቀመጠም ረዘም ያለ ኖታ ሁሉ ይወዛወዛል፤ ኦቦው ላይ ቶሎ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ነው። የሞተሩ ፍጆታ ጥቂት ዋት ስለሆነ ትንሹ ይበቃል፤ ግን «ፒዩር ሳይን» የሚል ይሁን። ርካሹ ዓይነት ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያ ጩኸት በመርፌው በኩል ቅጂው ውስጥ ይገባል። የሶላር ዕቃ ሱቆች የሚይዙት አብዛኛውን 220/50 ነውና ጽሑፉን ሳታነቡ ገንዘብ አትክፈሉ። ጥቅሙ ደግሞ ገጹ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ቅጂው አይቋረጥም።

እስከዚያው ማጫወቻውን ለረጅም ሰዓት አታሠሩት። ለ60 የተሠራ ሞተር 50 ላይ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል።

ማራኪ33
ጋሼ ቶርኖ እግዜር ይስጥልን። ኮርዱ ተሞከረ፤ ከኤፍ ሻርፕ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ፑሊውን እናስቆርጣለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፑሊው እስኪደርስ አሁን ቀድተን በኦዳሲቲ (የኮምፒውተር የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ብናፈጥነውስ?

ባለመርፌው
ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ።

ማፍጠኛው «ቼንጅ ስፒድ» የሚለው ነው፣ ማባዣውም 1.2። «ቼንጅ ቴምፖ» ወይም «ቼንጅ ፒች» አይደለም፤ እነዚያ ድምፁን ቆራርጠው ስለሚዘረጉ የቲምፓኒውና የፒዚካቶው (ክሩ በጣት ሲመታ የሚሰማው ድምፅ) ጠርዝ ይሟሟል። ሸክላ ሲቆረጥ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው፤ የፎኖ ማጉያው በአር.አይ.ኤ.ኤ. ከርቭ መልሶ ያስተካክለዋል። ሸክላው ቀስ ብሎ እየዞረ ከሆነ ግን ማስተካከያው የሚያርፈው በተሳሳተው የድምፅ ከፍታ ላይ ነው። ካፈጠናችሁት በኋላ ባሱም ቀጭኑም ከመሃሉ አንጻር እስከ 1.5 ዴሲቤል ያብጣል። ስለዚህ ከቀዳችሁ በኋላ በ«ፊልተር ከርቭ» ውስጥ አር.አይ.ኤ.ኤ.ን ገልብጣችሁ («ኢንቨርት») ማስተካከያውን አንሡ፣ ከዚያ በ1.2 አፍጥኑ፣ ከዚያ አር.አይ.ኤ.ኤ.ን በቀጥታው መልሱ። የመብራት ሃምታም (ከመብራቱ የሚገባው ዝቅ ያለ ጉምጉምታ) ከ50 ወደ 60 ኸርዝ ስለሚሸጋገር ማጥፊያውን 60 ላይ አድርጉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ሸክላ ይሞከራል። ለሦስት ሸክላ፣ ስድስት ገጽ ግን ፑሊውን መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ስለ መርፌው። የ1950ዎቹ ሞኖ ሸክላ የተቆረጠው ለ25 ማይክሮን መርፌ ነው፤ የዛሬው የስቴሪዮ ክብ መርፌ 18 ገደማ ነው። 18ቱ ይጫወታል፣ አያበላሽም፤ ወደ ቦዩ ወለል ጠጋ ስለሚል ግን እዚያ የተከማቸውን ቆሻሻ ይቀሰቅሳል። የሞኖ መርፌ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ካልተገኘ በስቴሪዮው ቀድታችሁ ሁለቱን ቻናል ወደ አንድ ደምሩ። ሙዚቃው በሁለቱም ቻናል አንድ ስለሆነ ይደመራል፤ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚፈጥረው ጫጫታ ደግሞ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከመደመራችሁ በፊት ቻናሎቹን ለየብቻ ስሙ። አንደኛው የቦይ ግድግዳ ተበልቶ የሚሻክር ከሆነ ጤነኛውን ብቻ ውሰዱ።

መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት ለእያንዳንዱ ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘው ክፍል) የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪ.ኤም.95ኢ 2 ግራም ይፈልጋል፣ ርካሹ ኤ.ቲ.3600 ደግሞ 3.5። «ሸክላው እንዳይጎዳ» ብሎ ማቅለል ስህተት ነው፤ የቀለለ መርፌ በፎርቴው (ሙዚቃው በሚጎላበት ቦታ) ላይ ግድግዳውን ይስታል፣ እየተፈናጠረ ይቧጥጠዋል። ለመለኪያ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ቤት ሚዛን ይበቃል።

አጠባበቅ፦ አንድ ሊትር የባትሪ ውሃ (የተጣራውን፣ አሲዱን አይደለም፤ ጠርሙሱ ስለሚመሳሰል አሽታችሁ ሳይሆን አንብባችሁ ግዙ)፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ ጨርቅ። ቦዩን ተከትላችሁ በክቡ ጥረጉ፣ በንጹሕ የባትሪ ውሃ አለቅልቁ፣ ጥላ ውስጥ አቁማችሁ አድርቁ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ጨው ይተዋል፣ ያ ጨው ራሱ ይንጫጫል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ማጣመም ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አታርጥቡ። ባለ 78 ዙር ሸክላ ካጋጠማችሁ አልኮል የሚባል ነገር አይንካው፣ ይሟሟል። (አረቄ የሚመክር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። አረቄው ለአድማጩ ይሁን።) የክረምቱ ሻጋታ የሚነሣው ከካርቶኑ ነው፤ ሸክላውን ከካርቶኑ ለዩት፣ ሁለቱንም ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙ።

ስትቀዱ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ አድርጉ፤ ከፍተኛው ፎርቴ ከ-6 ዴሲቤል በታች ይቁም። በዚህ ልክ የ25 ደቂቃ ገጽ በስቴሪዮ 860 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ (ድምፁን ሳይጎዳ የሚያሳንስ የፋይል ዓይነት) ብታደርጉት ብዙ ይቀንሳል። ጥሬውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ፣ ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን። ከ25 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ጫጫታ የበዛበት ቦታ ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (የፕሮግራሙን ጫጫታ መቀነሻ) መጠቀም ይቻላል።

ቀስት
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተዋት ባለመርፌው። የካንቴሊ ዋናው ነገር ሚዛኑ ነው፦ ሁሉም ድምፅ በየቦታው ይሰማል፣ ባለ አውታሮቹ እጅግ ለስላሳ በሚጫወቱበት ጊዜ እንኳ የቀስቱ ጸጉር ክሩን ሲነካ ትሰማላችሁ። ያ ድምፅና የሸክላው እሽታ አንድ የድምፅ ከፍታ ላይ ነው የሚኖሩት። ኖይዝ ሪዳክሽን ለይቶ አያውቃቸውም፤ ሁለቱንም ይጠርግና ቫዮሊኖቹን ውሃ ውስጥ ይከታቸዋል። ጠቅታዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አጥፉ፣ እሽታውን ተዉት።

ወደ ምርጫው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ካንቴሊ 1920 ኖቫራ ተወለደ። ቶስካኒኒ ወደ ኒው ዮርክ ጠርቶት በጥር 1949 የኤን.ቢ.ሲ. ኦርኬስትራን መራ። የሚላኖው ኦፔራ ቤት የላ ስካላ የሙዚቃ ዳይሬክተር ተብሎ በተሾመ በሳምንቱ፣ ኅዳር 24 ቀን 1956፣ ፓሪስ ኦርሊ ላይ የወደቀው አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ 36 ዓመቱ ነው። በኛ 1949 ኅዳር 15 ማለት ነው፤ ቀኑን በትክክል ይዛችኋል። የነቢያት ጾም መግቢያ ስለሆነች መስተንግዶውን በዚያ አስቡት።

ስለዚህ ለዓለም የታወቀበት ዘመን ስምንት ዓመት እንኳ አይሞላም፣ ቅጂውም አብዛኛው ሞኖ ነው። ስቴሪዮ ላይ የደረሰው በመጨረሻው ነው። የናንተ ቤትሆቨን 7ኛ (1956) በስቴሪዮም የተቀዳ ነውና ከሸክላው ሌላ የስቴሪዮውን ሲዲ ወይም ፋይል ብትይዙ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ፍራንኩም እንዲሁ ነው፦ ሚያዝያ 6 ቀን 1954 ካርኔጊ አዳራሽ ተቀዳ፣ ቶስካኒኒ የመጨረሻ ኮንሰርቱን በመራ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው ኦርኬስትራ። ሸክላው ሞኖ ሆኖ ወጣ፣ ስቴሪዮው ከዓመታት በኋላ ነው የታተመው። ለኔ ከቅጂዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ብዙ መሪ እንደ ኦርጋን የሚያደነድነውን የነሐስ መሣሪያዎች ድምፅ እሱ አቅልሎ ይይዘዋል።

ለሁለት ሰዓቱ እንዲህ አደርግ ነበር። መክፈቻ የሜንደልሶን 4ኛ «ጣሊያናዊው» (ፊልሃርሞኒያ፣ 1955)፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ለጆሮ ማስለመጃ እሱን የሚያህል የለም። ቀጥሎ የደቡሲ «ባሕሩ» (1954)። ይህ ሞኖ ነው፣ ግን ሞኖ መሆኑን ይረሳሉ። ከዕረፍት በኋላ ፍራንኩ። የቀረው ጊዜ ለቤትሆቨን 7ኛ ሁለት ክፍሎች። ብራምስን ከወደዳችሁ ከ1ኛው (1953) ይልቅ 3ኛውን (1955) ፈልጉ፤ በዚያ ዘመን የፊልሃርሞኒያ ቀዳሚ ሆርን ነፊ ዴኒስ ብሬን እንደነበር አትርሱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የቤትሆቨን 5ኛ አለ ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ፣ የስቱዲዮው ቅጂ 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል ብቻ ነው፤ 1ኛው አልተቀዳም። ፋይሉ ተቆርጦ አይደለም። የደቡሲ «ኖክተርኖች»ም ሁለት ናቸው፣ የሴቶች መዘምራን ያሉበትን ሦስተኛውን አልቀዳም።

የኤን.ቢ.ሲ. ሬዲዮ ቅጂዎች ሌላ ዓለም ናቸው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ከኒው ዮርኩ የኤን.ቢ.ሲ. ስቱዲዮ 8ኤች የተላለፉት ደረቅ ናቸው፣ ማስተጋባት የሚባል የላቸውም። አንዳንድ አታሚዎች ሰው ሠራሽ ማስተጋባት ጨምረውባቸዋል። ከተቻለ ያልተጨመረበትን ያዙ።

ቶርኖ
ከቀስት ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ታዳሚ ፍራንክን 40 ደቂቃ ገደማ ማስቀመጥ ይከብዳል፤ 2ኛውን ክፍል ብቻ አድርጉና የቤትሆቨን 7ኛን ሙሉውን አሰሙ። በትክክለኛው ፍጥነት።

ቀስት
ፍራንክን ቆርጦ ማሰማት አይሆንም፤ የ1ኛው ክፍል ዜማዎች መጨረሻው ላይ ስለሚመለሱ የቆረጠው ሰው መጨረሻውን አይረዳውም። ሰዓቱ ካጠረ ደቡሲው ይውጣ። ከኦፔራ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ የሞዛርት «ኮሲ ፋን ቱቴ» ከፒኮላ ስካላ (የላ ስካላ ትንሹ አዳራሽ) አለ፣ ጥር 27 ቀን 1956፣ ሞዛርት በተወለደ በ200ኛ ዓመቱ ዕለት በመድረክ የተቀዳ። ሙሉው ለምሽቱ ይረዝማል፤ ከ1ኛው ገቢር የስንብቱ የሦስትዮሽ ዜማ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሹካ እየተነሣ ሳይሆን ሰው ተቀምጦ ሳለ ይቅረብ።

ባለመርፌው
ኖይዝ ሪዳክሽኑን ተቀብያለሁ፣ ከ3 ዴሲቤል በላይ አትሂዱ ለማለት ነበር። ማራኪ፣ ፑሊው ሲደርስ ቀበቶውንም አዲስ አድርጉት፤ የድሮው ቀበቶ ላልቶ ከሆነ ሳህኑ በከባድ ፎርቴ ላይ ይንሸራተታል፣ ስህተቱንም ፑሊው ላይ ታላክካላችሁ። ከመቅዳታችሁ በፊት ሳህኑን 15 ደቂቃ ባዶውን አዙሩት፤ የማጫወቻው ዘይት ጠዋት ጠዋት በብርድ ስለሚወፍር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፍጥነት አይታመንም።