ለጤና ሚኒስቴር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦትና የመርፌ ካርድ (በረቂቅ 2 ላይ ውይይት)

ጸሐፊ
ረቂቅ 2 ተያይዟል። ጉባኤው የወሰነው አንድ ነገር ነው፤ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን (ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ) ሕመሙ እንዳያገረሽ በየ28 ቀኑ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዳይቋረጥ ማኅበሩ ሐሳብ ያቅርብ። ክፍል 1 አቅርቦት፣ ክፍል 2 የነርሶች ሥልጠና፣ ክፍል 3 በታካሚው እጅ የሚቆይ ካርድ። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ላይ የወጣው ስለ ሩማቲክ ልብ ሕመም የአፍሪካ መግለጫ ጥራት ያለው ፔኒሲሊን በበቂ መጠን ይኑር፣ የሕሙማን መዝገብ ይቋቋም ብሎ ነበር። መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ። በጀት የሚሠራ ሰው እፈልጋለሁ።

ፋርማሲ/ሐዋሳ
በጀቱን እኔ እሠራለሁ፣ እስከ ዓርብ። ክፍል 1 ግን እንዳለ ከሄደ አይረባም። «በቂ መጠን ይቅረብ» ሲባል ግዢ ክፍል ምን ያህል ብሎ ይግዛ? ጤና ጣቢያ የሚጠይቀው ባለፉት ሁለት ወራት ያወጣውን ቆጥሮ ነው። መድኃኒቱ ለአንድ ወር ከጠፋና መድኃኒት ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ ባዶ ከቀረ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ በግማሽ ይወርዳል። ሕሙማኑ ግን ያው ናቸው። ቀመሩ ከታካሚ ቁጥር ይነሣ፦ 500 ታካሚ በየ28 ቀኑ ሲወጋ በዓመት 13 ጊዜ ነው፣ 6,500 ባለ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቫያል (ብልቃጥ)። በ12 ያባዛ ሰው 6,000 ያገኛል። ካርዱ ላይ «የወር መርፌ» ብላችሁ ካተማችሁ ሁሉም በ12 ነው የሚያባዛው። ርእሱ ይቀየር።

ፕሮፍ
«የወር መርፌ» ሕዝቡ ራሱ ያወጣለት ስም ነው። እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ «የወር መርፌው ደርሷል» ነው የምትለው። በስንት ልፋት የተለመደን ስም ለሒሳብ ብላችሁ አትንኩብኝ። ደግሞም ከ13 አሥራ ሁለቱን የወሰደ 92 ከመቶ ነው፤ እኛ የምንለምነው 80 ከመቶ።

ሕፃናት ልብ/ጎንደር
ፕሮፍ፣ 80 ከመቶው የሚቆጥረው የተወጉትን መርፌዎች ነው፤ መድኃኒት በደም ውስጥ የሌለባቸውን ቀናት አይቆጥርም። የፔኒሲሊኑ መጠን በብዙ ሕሙማን ከ28 ቀን በፊት ይወርዳል፣ ለዚህም ነው ስጋታቸው ለከፋ ወደ 21 ቀን የምናወርደው። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ነሐሴ 12 የተወጋ ልጅ «በወሩ» መስከረም 12 ሲመጣ ጳጉሜን ተጨምራ 35 ቀን ሆኖታል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 36። ያውም ዝናቡ ሳይወጣ፣ ልጆች ቤት ውስጥ ተጨናንቀው የጉሮሮ ሕመም ሲዛመት።

ኢኮ/ባሕር ዳር
ስሙን ትተን አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ረቂቁ ውስጥ የለም። ከባድ ማይትራል ስቴኖሲስ (የቫልቭ መጥበብ)፣ ከባድ አዎርቲክ ስቴኖሲስ ወይም ሪገርጂቴሽን (ደም በቫልቩ ወደ ኋላ መመለስ)፣ ኢጄክሽን ፍራክሽኑ (በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ የሚለካው ልብ በአንድ ምት የሚረጨው የደም ድርሻ) ከ50 ከመቶ በታች የሆነ፣ ጥቂት ተራምዶ የሚደክመው፤ እነዚህ ከመርፌው በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞቱ ሁሌም «አለርጂ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ከሕመሙና ከድንጋጤው የደም ግፊት ወርዶ የደከመው ልብ መቋቋም ሲያቅተው ነው። ለእነሱ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይሻላል። ክፍል 2 ላይ ይግባ።

ፕሮፍ
ጎንደር ያልከው ገብቶኛል። በሽተኛ ግን 28 ቀን አይቆጥርም። ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን ይዞ ነው የሚመጣው። 12፣ 19፣ 21። ቀን ባሳታችሁት ቁጥር ከነጭራሹ ይቀራል።

ሲስተር/ጅማ
ጅማ ላይ አብዛኛው ታካሚ ሙስሊም ነው፣ የሚካኤል ቀን አይሠራልንም። 12 እሑድ ሲውልም መርፌ ክፍሉ ዝግ ነው። የሚሠራው የሳምንት ቀን ነው። 28 ለ7 እኩል ስለሚካፈል ሰኞ የተወጋ ሁሌም ሰኞ ነው። የገበያ ቀን ላይ ካዋልነው ለመርፌው ብሎ የትራንስፖርት አያወጣም።
ለነርስ ደግሞ ቆጠራው ቀላል ነው፦ ከቀኑ ሁለት ቀንሺ፣ ወሩን አሳልፊ። መስከረም 12፣ ጥቅምት 10፣ ኅዳር 8፣ ታኅሣሥ 6፣ ጥር 4፣ የካቲት 2። ጳጉሜን ስትገባ በሁለት ፋንታ ሰባት ቀንሺ፣ ስድስት ቀን ስትሆን ስምንት።

ሕፃናት ልብ/ጎንደር
ሲስተር፣ ከየካቲት 2 ቀጥሎ የካቲት 30 ነው። «የወር መርፌ» የሚል ካርድ ይዞ የካቲት ላይ ሁለተኛ ሲመጣ «የዚህን ወር ወስደሃል» ተብሎ ይመለሳል። ስሙ ራሱ ነው የሚመልሰው! ፕሮፍ ይህን ለማየት ስንት ጊዜ እንጻፍ?

ፕሮፍ
ይህን መርፌ ስታዝዙ የተማራችሁት ከማን እንደሆነ አትርሱ። ከዚህ ውይይት ወጥቻለሁ።

ሜሪላንድ
ከዚህ ያለን አባላት የካርዱን ማተሚያ እንሸፍናለን፤ የማኅበሩ ዓርማ በግልጽ ይታይ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠርም ቢጨመር ኋላ ወደ ዲጂታል መዝገብ ለማስገባት ይቀላል።

ሲስተር/ጅማ
ሁለት አቆጣጠር በአንድ ረድፍ አይጻፍ። ነርሷ አንዱን ትሞላለች፣ ታካሚው ሌላውን ያነባል፣ ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ቀን ይሳሳታል። መዝገብ ላይ የሚያስገባው ሰው ይቀይረው።

ጸሐፊ
ፋርማሲ፣ በጀቱ? ዓርብ አልፏል።

ሕፃናት ልብ/ጎንደር
ፕሮፍ፣ አነጋገሬ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ። በሐሳቡ ግን እጸናለሁ።

ፕሮፍ
አልተቀየምኩም። «የአራት ሳምንት መርፌ» ይባል። ሰው ሳምንት ይቆጥራል፣ ቀን ነው የማይቆጥረው። ከሥሩ በትልቁ የሳምንቱ ቀን፣ ከዚያ 13 ረድፍ ይኑረው። የማቆሚያ ዓመትም ይጻፍበት፦ ቫልቩ የተጎዳ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመቱ፣ ከሁለቱ የረዘመው። 21 ሲሞላው «አደግክ» ተብሎ የሚያቆም ብዙ ነው።

ሲስተር/ጅማ
ተስማምቻለሁ። ክፍል 2 ላይ መርፌው ራሱ ይጻፍ። ዱቄቱ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። ተቀድቶ ትንሽ ከቆየ ይዘቅጣል፣ በቀጭን መርፌ ደግሞ ይደፈናል። ነርሷ ነቅላ እንደገና ትወጋለች፣ ልጁም ዳግመኛ አይመጣም። መርፌው 21 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) ይሁን፣ ልጁ ተዘጋጅቶ ከተኛ በኋላ ይበጥበጥ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በቀስታ ይሰጥ። 1 ከመቶ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሊትር ቢቀላቀል ሕመሙ ይቀንሳል። ደም ሥር ውስጥ ፈጽሞ አይሰጥ። ለከባድ አለርጂ አድሬናሊን ትሪው ላይ ይኑር፣ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ጭን ጡንቻ ላይ።

ጸሐፊ
ረቂቅ 3። በጀት ስላልመጣ ክፍል 1ን ወደ አባሪ አውርጄዋለሁ፣ የ6,500ው ቀመር እዚያ አለ። ክፍል 2 የሲስተር ጽሑፍ በአንድ ገጽ ሆኗል። የሐሳቡ ርእስም «የአራት ሳምንት መርፌ ካርድ» ተብሏል። ማተሚያው ስለተሸፈነ ሚኒስቴሩን የምንጠይቀው ስርጭቱን ብቻ ነው።

ኢኮ/ባሕር ዳር
የመነሻው ጥያቄ አቅርቦት ነበር። ካርድ ይዞ ባዶ መደርደሪያ ጋ የሚደርስ ታካሚ ምን ይጠቅመዋል? የከባድ ቫልቭ ሕሙማኑ ጉዳይስ? አሁንም የለም።

ጸሐፊ
በጀት የሌለው ክፍል ከላይ ከሆነ ሙሉውን ይመልሱብናል፣ ለዚህ ነው ያወረድኩት። የአንተን ለማስገባት የካርዱ ጀርባ ሞልቷል፣ ዓርማው ግማሹን ይዞታል።

ሜሪላንድ
ዓርማው ወደ ጥግ ይውረድ፣ ትንሽም ይሁን። እኛ ቅር አይለንም።

ኢኮ/ባሕር ዳር
እንግዲያው በቀይ ሣጥን፦ «ይህ ታካሚ መርፌ አይወጋም። ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ይዋጥ። ምክንያት፦ ____ ኢኮ የታየበት ቀን፦ ____ የሐኪም ፊርማ፦ ____»። ሣጥኑ ካልተፈረመበት መርፌው ይቀጥላል ብላችሁ ከሥሩ ጻፉ፤ አለበለዚያ የፈራ ሁሉ ወደ ክኒን ያዞረዋል።

ጸሐፊ
ገብቷል። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን ሰኞ ይፈልጋል። ፋርማሲ፣ የጀመርከው ሰንጠረዥ ካለ ሳይጠናቀቅም ቢሆን ላክልኝ።